ውሃው በክረምት የሚደርስበት

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለሀይማኖት፤ ሲዶና።

የእንጦጦዋ ኪዳነ ምሕረት ካለሽበት ድረስ ጥላዋን ትዘርጋልሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? የእኔን ከጠየቅሽ ጉልበቴ ከዳገቱ፣ ዓይኔም ከመነጽሩ ጋር ታርቀው እየኖሩ ነው። ያኮረፈኝ ጆሮዬ ብቻ ነው፤ እኔን ተከትሎ እሱም ጡረታ ወጣ። ባለፈው በስልክ ስታወሪኝ የሰማሁት "ጋሼ" የምትለዋን ብቻ ነበር። ለቀረው ሁሉ በግምት እሺ፣ እሺ ስልሽ ቆየሁ። ምን እሺ እንዳልኩሽ እግዜር ይወቀው።

ስለዚህ ከእንግዲህ እንጻጻፍ። ዕድሜዬን ሙሉ ፖስታ ቤት ቁጭ ብዬ የሰው ደብዳቤ ስለይ ኖሬ፣ ለእኔ የሚጽፍ ሰው ሳይገኝ ልሙት እንዴ? እኔ በወረቀት እጽፋለሁ፤ ጎረቤታችን ሶሬቲ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። አንቺም በእጅሽ ጽፈሽ እንደዚያው አድርጊ። በስልክ የሚተየበውን አልወደውም፤ የማን እጅ እንደሆነ አይታወቅም።

ሲዶና የምትባለው ወንጌል ላይ ያለችው ናት አሉኝ፤ እውነት ነው? ኤልያስ በረሃቡ ዘመን ወደ አንዲት መበለት የተላከው በዚያው አገር ነው። አንቺም የተላክሽው ወደ መበለት ነው። ልዩነቱ፣ እሱን የመገበችው እሷ ነበረች፤ አንቺ ግን መጋቢዋ ራስሽ ነሽ።

የሰፈሩ ወሬ መልካም አይደለም። ከጎናችን ያለውን ግቢ የገዛው አቶ በላይነህ የሚባል ሰውዬ፣ ወደ ወንዝ የሚወርደውን መንገዳችንን በቆርቆሮ አጠረው። ምንጩም፣ ሶሬቲ የሰው ጋቢና ብርድ ልብስ እያጠበች የምትኖርበት ጠፍጣፋው ድንጋይም ከአጥሩ ውስጥ ቀሩ። ካርታዬ "እስከ ወንዙ ዳር" ይላል፤ ወንዙን አልነካሁም ነው የሚለው። እውነቱን ነው፣ ወንዙን አልነካም። ግን እዚያ ለመድረስ ክንፍ ያስፈልጋል። ቧንቧው በፈረቃ ስለሆነ ሴቶቹ ጄሪካን ተሸክመው በላይኛው ድልድይ ይዞራሉ። ሶሬቲ ከዚያ ዳገት እርጥብ ብርድ ልብስ ተሸክማ ስትወጣ ማየት አልወድም።

እናትሽ ውዴ ከሞተች ወዲህ አንቺ በላክሽው ገንዘብ ያሠራናት የታችኛዋ ክፍልሽ ደህና ናት። እሁድ እሁድ ሰማያዊውን በር ከፍቼ አናፍሳታለሁ። ከመስኮቷ ግን አሁን የሚታየው ውሃው ሳይሆን ቆርቆሮው ነው።

ምንም አልጠይቅሽም፤ ብቻ ጻፊ።

አጎትሽ ልደቱ

*

ሲዶና፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ ልደቱ፤

እርስዎ ካሉበት ቤት ሰላም አይራቅ። ጉልበትዎን ዳገቱ አይድፈረው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤዎን ያነበብኩት ሻወር ቤት ገብቼ፣ ውሃውን ከፍቼ ነው፤ ስስቅ እንዳይሰሙኝ ብዬ። ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ዞረና ውሃውን ትንሽ ጨመር አደረግሁት። በእጄ ከጻፍኩ ስንት ዘመኔ ነው። ፊደሉ ከከፋ ይቅር ይበሉኝ።

አዎ፣ ሲዶና ያችው ናት። ሕዝቡ ሳይዳ ይላታል። የምጦራቸው አሮጊት ሲት ሰልማ ይባላሉ፣ ሲት በቋንቋቸው እመቤት ማለት ነው፤ ከወገባቸው በታች አይታዘዝላቸውም፣ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የምገፋቸው። ከኩሽናው በረንዳ ባሕሩ ይታያል። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይባል የለ? እኔ ባሕሩን በየቀኑ እያየሁ የማመሰግነው ያችኑ ምንጫችንን ነው። ባሕር ብዙ ነው፤ ግን አይጠጣም፣ ደግሞ ማንንም አያውቅም።

የመንገዱን ነገር ሲጽፉልኝ ገረመኝ፤ እዚህም ያው ነው። ከቤታችን በታች ያለውን አሸዋ አንድ ሆቴል አጥሮታል። ሲት ሰልማ በልጅነታቸው እየዋኙ ያደጉበት ነው። አንድ ቀን ባሕሩን በቅርብ ልይ አሉኝና ወሰድኳቸው። ዘበኛው ከፍሎ መግባት ይቻላል አለ፤ ቀጥሎ እኔን አየና፣ ሠራተኞች አይገቡም፣ ውጭ ትጠብቅ አለ። ሲት ሰልማ ከወንበራቸው ቀና አሉ። እግሬ እሷ ናት፣ እግሬን ውጭ ትቼ አልገባም ብለውት ተመለስን። 

ሴት ልጃቸው ጠበቃ ናት፤ ከቤይሩት እሁድ እሁድ ትመጣለች። ሆቴሉን ከሳዋለች። የባሕሩ ዳር የት እንደሆነ በድሮ ሕጋቸው የተጻፈ ነው አለችኝ፦ ማዕበሉ በክረምት ርቆ እስከሚደርስበት ያለው ሁሉ የማንም የግል አይሆንም፣ የሁሉ ነው። በበጋ ባሕሩ ተኝቶ ሳለ አይለካም ማለት ነው። ዝናብንም ክረምትንም በአንድ ቃል "ሺታ" ይሉታል፤ ክረምታቸው በጥር ይሁን እንጂ ነገሩ የእኛው ክረምት ነው። ደግሞ ሲመጣ አይቼዋለሁ፤ ሆቴሉ ወንበር የሚደረድርበት ድረስ እያጓራ ነው የሚመጣው።

እና ጋሼ፣ ይህን ለወረዳው ይንገሯቸው። ወንዝ የሚለካው በክረምት ነው ይበሏቸው።

ውሌ ነሐሴ ላይ ያልቃል፤ ለመስቀል እመጣለሁ ብዬ አስቤአለሁ። ለክፍሌ ወለል ሴራሚክ ማስነጠፍ እፈልጋለሁ፤ ነጭ ሆኖ ዳር ዳሩ ሰማያዊ። ሶሬቲ ክፍሏን ከውስጥ ፎቶ አንስታ ትላክልኝ፤ እያየሁ ልተኛ።

ልጅዎ ሀይማኖት

*

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለሀይማኖት፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። የጾሙን ወራት በሰው አገር የጾም እንጀራ ሳታጪ እንዳሳለፍሽው ተስፋ አደርጋለሁ። ደብዳቤዬ ዘገየ፤ ጾሙ ነው ልበልሽ፣ ጾም ግን እጅ አያስርም።

የወረዳው መሬት ለኪዎች በመጋቢት መጡ። በመጋቢት ወንዛችን ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ፤ ዶሮ እግሯን ሳታርስ ትሻገረዋለች። ከዚያች ቀጭን ውሃ ጀምረው ሜትራቸውን ዘረጉና፣ የወንዙ ዳር ይህ ነው፣ ከዚህ ወዲህ ጥቂቱ የሕዝብ ነው ብለው ድንጋይ ላይ ቀይ ቀለም ቀቡ። በእነሱ ልክ ምንጩም መንገዱም የበላይነህ ሆነው አረፉት።

የወረዳው ኮሚቴ ስብሰባ ጠራና ያንቺን ነገር ይዤ ተነሣሁ። እኔ በቀስታ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር፤ ሶሬቲ ኋላ እንደነገረችኝ ታክሲ ተራው ድረስ ተሰምቻለሁ። "ወንዝ በበጋ ቤቱን ትቶ የሄደ ሰው ነው። ሲመለስ የት እንደሚተኛ ጎረቤት ይጠየቅ" አልኩ። ሰው ሳቀ፤ ሰብሳቢዋ ግን አልሳቀችም። ወጣት ናት፣ የምታዳምጥ ዓይነት። ኮሚቴው በክረምቱ ቦታው ድረስ ይመጣል፣ ውሃው እስከ የት እንደሚደርስ የሚያውቅ የሰፈሩ ሽማግሌ ቃሉን ይሰጣል፣ በዚያ ልክ እንደገና ይለካል ብላ ወሰነች። ወንዙ በየዓመቱ አይወጣም፤ በትልቁ የወጣበትን ዘመን ያየ ሰው ያስፈልጋል። ሽማግሌ ተፈለገ። ገሚሱ ሞቷል፣ ገሚሱ መሪ ሰፈር ኮንዶሚኒየም ገብቶ የአሳንሰር ብልሽት ነው የሚያወራው። ዞሮ ዞሮ የቀረሁት እኔ ነኝ።

ታስታውሻለሽ ወይ፣ ወንዙ ሞልቶ የወጣበትን ዓመት? ትንሽ ነበርሽ።

ሴራሚኩን ለጊዜው ተይው፤ አሁን ገበያው ጥሩ አይደለም። ፎቶውንም ሶሬቲ ሞክራ ነበር፤ የስልኳ ካሜራ ጨለማ ነው የሚያወጣው። ለመሆኑ መሪ አካባቢ የኪራይ ቤት ቢገኝ ትወጂዋለሽ? እንዲያው ለመጠየቅ ያህል ነው። ብዙ ሰው ይወደዋል።

አሮጊቷን ሰላም በይልኝ። እግሬን ውጭ ትቼ አልገባም ያሉት ነገር ደህና አድርጎ ነካኝ።

አጎትሽ ልደቱ

*

ሲዶና፣ ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ልደቱ፤

ሰላምና ጤና ከእርስዎ ጋር ይሁን።

የሶሬቲ ስልክ ደብዳቤዎን እያንዳንዷን ፊደል አጥርቶ አንስቶ ልኮልኛል። ክፍሌ ላይ ሲደርስ ነው ጨለማ የሚያወጣው? ጋሼ፣ እርስዎ ውሸት አያውቁበትም፤ ለዚህም ነው የማከብርዎ። ዳር ዳር አይበሉብኝ። ክፍሌን ሰው አከራዩባት? ጣሪያዋ ፈሰሰ? መሪን ምን አመጣው?

ሲት ሰልማ ታመዋል። ከገበታ ቀርተዋል፣ በማንኪያ ነው የማጎርሳቸው። ልጃቸው ሰሞኑን አትመጣም፣ ክሱ ላይ ናት። ቀኑን ሙሉ በቤቱ ውስጥ የሚሰማው የእሳቸው ትንፋሽና የእኔ ነጠላ ጫማ ነው። እሁድ ለጥቂት ሰዓት ስወጣ ሁሉም ወደሚገባበት የከተማው አሸዋ እወርዳለሁ። የአገራችን ልጆች እዚያ ይሰበሰባሉ። እኔ ጫማዬን አውልቄ ለብቻዬ ዳሩ ላይ እቀመጣለሁ። ከእነሱ ጋር ስሆን ሁሉም ስለሚመለሱበት ቤት ነው የሚያወሩት፤ እኔም ስለ ሰማያዊው በር አወራላቸዋለሁ። ስለ አንድ በር ብዙ ጊዜ ማውራት ይቻላል።

የጎርፉን ዓመት ጠይቀውኛል። አላስታውስም። ሕፃን ነበርኩ።

ቃልዎን ግን ይስጡ። ሶሬቲ ትዞራለች ማለትዎ ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ።

ሀይማኖት

*

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ፣ ለዓይኔ ለሀይማኖት፤

ክረምቱን በሰላም ያሻግርሽ። ይህን ደብዳቤ ሶሬቲ አላነሣችውም። ዳገቱን ወጥቼ አስፋልቱ ላይ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው ያስላክሁት። ሲደርስሽ ምክንያቱን ታውቂዋለሽ።

ዳር ዳር አትበል አልሽኝ፤ እሺ፣ መሐሉ ልግባ። ክፍልሽን ማንም አልተከራያትም፣ ጣሪያዋም ደህና ነው። ነገር ግን የውሃው መድረሻ እሷ ናት። ወንዙ በወጣበት ዓመት አጥሩ ባለበት፣ መንገዱ ባለበት፣ አሁን ክፍልሽ ባለችበት ሁሉ አልፎ የአሮጌው ቤት ደረጃ ሥር ነው የቆመው። ከዚያ ወዲህ ያን ያህል ወጥቶ አያውቅም፤ ሰው ሁሉ ረሳው። ያቺን ክፍል የሠራናት በበጋ ነው፣ ሌላ መሬትም አልነበረንም። እንግዲህ ውሃው በክረምት የደረሰበትን ልናገር ብል የበላይነህ አጥር ብቻ አይደለም የሚነሣው። ያንቺም ሰማያዊ በር ይነሣል። ካርታ የላትም፣ ምትክ አይሰጥባትም፤ ሰብሳቢዋን በዘዴ ጠይቄ አጣርቻለሁ። አሮጌው ቤት ይተርፋል። እሱም አንድ ክፍል ነው፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ የእኔ ሳል የሞላበት።

በላይነህ ይህ ሁሉ ገብቶታል። ብርቱካን ይዞ መጣ። ለደንቆሮ ምስጢር መንገር እንዴት እንደሚከብድ እስቲ አስቢው፤ ቢጮህ ሰፈሩ ይሰማዋል፣ ቢያንሾካሹክ እኔ አልሰማውም። በመጨረሻ ስልኩ ላይ ጻፈና አሳየኝ። "አላስታውስም ይበሉ። የእኔም አጥር፣ የልጅቷም ክፍል ይተርፋሉ" ይላል። ቀጥሎ ስልኩን ወሰደና አንድ ተረት ጨመረበት፦ "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።" ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ ፈገግ ብሎ ነው የሚያሳየኝ። ውሃስ እያሳሳቀ አይደል የሚወስደው?

ከሄደ በኋላ ያንቺን ደብዳቤ አወጣሁት። አንቺም አላስታውስም ነው የምትይው። ቃላችሁ አንድ ሆነብኝ።

ልጄ፣ ክፍሏ ያንቺ ናት። የላብሽ ናት፣ ስትመጪ ከእኔ ሌላ የሚጠብቅሽ እሷ ብቻ ናት። ቃሉ ግን የእኔ ሆኖ ተገኘ። በሌላ በኩል ደግሞ ሶሬቲ አለች፣ ጄሪካኑ አለ። ኮሚቴው ነሐሴ 6 ቀን ይመጣል። እስከዚያ አንድ ቃል ጻፊልኝ። ተናገር ካልሽኝ እናገራለሁ፤ ተው ካልሽኝ እግዚአብሔር ይወቅልኝ፣ ምናልባት እንደ ሽማግሌ ይጠፋብኝ ይሆናል።

የፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ ልኬዋለሁ አለኝ፤ ደርሷል ወይ ስለው በጣቱ ያሳየኝን አልተረዳሁትም።

አጎትሽ ልደቱ

*

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ነሐሴ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሀይማኖት፤

ፍልሰታን በጤና ያስጨርስሽ። ደብዳቤሽ አልመጣም። ሐምሌን ሙሉ ሶሬቲ ስልኳን ባወጣች ቁጥር ዓይኔ እጇ ላይ ነበር። እሷም ገብቷት ገና ሳልጠይቃት ራሷን ትነቀንቅልኝ ጀመር።

ከትናንት ወዲያ ኮሚቴው መጣ። ዝናቡ ያካፋ ነበር፣ ወንዙ ግን ዘንድሮ ከአልጋው አልወጣም። ሰብሳቢዋ ጆሮዬን ስለምታውቅ ጥያቄዋን በወረቀት ጻፈችልኝ፦ ውሃው በክረምት እስከ የት ይደርሳል? ሰፈሩ በሙሉ ጃንጥላ ይዞ ቆሟል። በላይነህ ፊት ለፊቴ ነው። ሶሬቲ የታጠፈ ብርድ ልብስ እንደተሸከመች ከኋላ ናት፤ በዚያ ቀን እንኳ ሥራ አልፈታችም። የምታውቀው ነገር የለም፤ ደብዳቤዬን አላነበበችም፣ ክፍልሽንም ከዚህ ጉዳይ ጋር አላገናኘችም።

አላስታውስም ልል አፌን ከፈትሁ። እመኚኝ ልጄ፣ ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ግን ባዶ ጆሮ ይዞ የሚኖር ሰው የቀረው ያየው ነገር ብቻ ነው። እሱንም ከካድሁ ምን ይዤ እቀመጣለሁ? ክንዴን ዘረጋሁ። "እዚያ ድረስ። ሰማያዊው በር ድረስ፣ ከሱም አልፎ" አልኩ። ጮክ ብዬ ነው መሰል ወፎች ከባሕር ዛፉ ተነሡ።

በላይነህ በሰብሳቢዋ ጆሮ የሆነ ነገር ተናገረ። እሷም ወረቀቱን ገልብጣ ጻፈችልኝ፦ ሰማያዊው በር የማን ነው? የእህቴ ልጅ ነው፣ የሰው አገር ሠርታ ያሠራችው ነው አልኩ።  ከዚያ ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

በአጥሩ ላይ ቀይ ምልክት ተደረገ፤ በክፍልሽም ግድግዳ ላይ። ቀቢው ልጅ ሰማያዊውን በር እንዳይነካ አድርጎ ጎኑ ላይ ቀባው። አንቺን ሳልሰማ ያንቺን ነገር ቆረጥሁ። ብትቀየሚኝ እውነት አለሽ። ብቻ ተቀይሜሃለሁ ብለሽም ቢሆን ጻፊ። ሶሬቲ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ነገሩ ገብቷት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ምን እንዳለች አልሰማሁም፤ አፏም ብዙ አልተንቀሳቀሰም።

ልደቱ

*

ሲዶና፣ መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሼ ልደቱ፤

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረዎ። ዓመቱ ለእርስዎ ቀላል ይሁን።

የሰኔው ደብዳቤ ደርሶኛል። በደረሰ በማግስቱ ነው ያነበብኩት። ሁለቱንም መልስ ጻፍኩ፣ ሁለቱንም ቀደድሁ። ይናገሩ ብዬ ብጽፍ በገዛ እጄ ቤቴን ማፍረሴ ነው፤ ይተዉት ብዬ ብጽፍ ከሆቴሉ ዘበኛ በምን እለያለሁ? ዝም አልኩ። ዝም ስል ሸክሙን ሁሉ እርስዎ ላይ እንደጣልኩ አውቃለሁ።

የጎርፉን ዓመት አስታውሳለሁ ጋሼ። አሁን ክፍሌ ባለችበት ያኔ በነበረችው የጭቃ ቤት ውስጥ እናቴ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀምጣኝ ነበር። የትምህርት ቤት ጫማዬ አንዱ በበሩ ሲወጣ አየሁት። እርስዎ ውሃው ውስጥ ገብተው በትከሻዎ ይዘውኝ ሲወጡ ሱሪዎ እስከ ጉልበትዎ ርሶ ነበር። ሚያዝያ ላይ ሲጠይቁኝ ወዲያው ነው ሁሉም የገባኝ፤ የክፍሌም ነገር ጭምር። አላስታውስም ያልኩዎት እርስዎም እንዲረሱልኝ ብዬ ነው። በዚያው ወረቀት ላይ ደግሞ ቃልዎን ይስጡ እላለሁ። አንድ ሰው እንዲህ ሁለት ሊሆን ይችላል?

ሲት ሰልማ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ አረፉ። ከመሞታቸው በፊት አንድ ቀን ባሕር አሉኝ። ወደ ሆቴሉ አልወሰድኳቸውም፤ ክሱ ገና ነው፣ በሩም ያው በር ነው። ሁሉም ወደሚገባበት አሸዋ ሄድን። የወንበሩ ጎማ አሸዋው ውስጥ ገባና አልገፋ አለኝ። ነጠላዬን አወጣሁና በአገራችን ወግ አዘልኳቸው። ልጅ አዝዬ አላውቅም፤ መጀመሪያ ያዘልኩት እሳቸውን ነው። እስከ ጉልበቴ ገባሁ፣ እግራቸው ውሃውን ነካ። "ይህ የማን ነው?" አሉኝ በጆሮዬ። "የክረምቱ" አልኳቸው። ሳቃቸው ጀርባዬ ላይ ተሰማኝ።

እሳቸውን ከቀበርን በኋላ ነው የነሐሴው ደብዳቤዎ የመጣው። አልተቀየምኩም። አለቀስኩ፤ እሱ ሌላ ነገር ነው። ወንዝ በበጋ ቤቱን ትቶ የሄደ ሰው ነው ያሉትን አሰብኩት። እኔም ቤቴን ትቼ የሄድኩ ሰው ነኝ፤ ስመለስ የት እንደምተኛ የሚያውቅ ጎረቤት አለኝ ብዬ ነበር የምኖረው። ውሃው ግን ከእኔ በፊት ነበረ። እንኳን አልረሱ ጋሼ።

ለመስቀል አልመጣም። ጠበቃዋ ልጃቸው ሌላ ቤት አግኝታልኛለች፣ ተራራ ላይ ነው፤ ከዚያ ባሕሩ አይታይም። ምን ይዤ፣ የትስ ልመለስ ብዬ ውሉን ፈረምኩ። የክፍሌን ፎቶ ከእንግዲህ አልጠይቅም። መንገዱ ሲከፈት የመንገዱን ይላኩልኝ።

ልጅዎ ሀይማኖት

*

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀይማኖት፤

ተራራውም ባሕሩም አንቺን በጎ ይዩሽ። አዲሱ ቤት እንዴት ነው? በረንዳ አለው? ሰዎቹ ስምሽን አስተካክለው ይጠሩታል? ይህን ሁሉ ጻፊልኝ፤ ትንሹን ነገር ነው የምፈልገው።

ደብዳቤሽን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ እንደራሰ ረስቼው ነበር። ጫማሽን ግን አልረሳሁም፤ እናትሽ ከጎርፉ ይልቅ ስለ ጫማው ነበር ስትበሳጭ የከረመችው።

ከመስቀል በኋላ አፍራሾቹ መጡ። መጀመሪያ አጥሩ ተነሣ። በላይነህ ቆርቆሮውን እየቆጠረ አስጫነ፤ ሰላም ብሎኝ ነው ያለፈው፣ እኔም እጄን አነሣሁለት። ቀጥሎ ክፍልሽ ፈረሰች። ልወጣ ብዬ ነበር፣ ግን አንድ የቤተ ሰብ ሰው መቆም አለበት ብዬ ቆምሁ። ለእኔ ግድግዳው ያለ ድምፅ ነው የወደቀው። ሰማያዊውን በር አስነቅዬ ወደ ላይ አወጣሁት፤ አሁን ከአልጋዬ አጠገብ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆሟል። ማታ ማታ የሚከፈት ይመስለኛል፤ የሽማግሌ ነገር።

ሁሉንም ጠርገው ሲወስዱ የክፍልሽን በር ደፍ፣ ድንጋዩን ተዉት። ከባድ ነበርና ማንሣቱ ሰለቻቸው። መንገዱ ሲከፈት እዚያው ላይ ሆነ፤ ከሰፈር ወደ ወንዝ የሚወርድ ሰው ሁሉ በደፍሽ ላይ ረግጦ ነው የሚያልፈው። ሶሬቲ ከወንዙ ስትመለስ የማጠቢያ ገንዳዋን አሳርፋ ትንፋሿን የምትሰበስበው እሱ ላይ ነው። ፎቶውን ልካልሻለች፤ ካሜራው ዘንድሮ ብርሃን ያወጣል። ከገንዳው ሥር ያለው ጥቁር ድንጋይ ያ ነው።

እኔም አመሻሽ ላይ እወርዳለሁ። ሰዉ ውሃውን ቀድቶ ገብቶ ይሆናል፣ ብቻዬን እሆናለሁ። ዘንድሮ ዝናቡ እስከ ጥቅምት ስለገፋ ወንዙ ገና ጉልበት አለው አሉኝ፤ ሶሬቲ በእጇ እያሳየች ያጓራል ትለኛለች። እኔ አልሰማውም። መንገዱን አስከፍቼ ድምፁን አጣሁት። ስለዚህ ደፍሽ ላይ ቁጭ እልና መዳፌን ድንጋዩ ላይ አሳርፋለሁ። ይንቀጠቀጣል ልጄ፤ ውሃው እስከዚህ ድረስ ይሰማል።

የምትመጪበትን ቀን አልጠይቅሽም። በመጣሽ ቀን ግን ወንዝ የምትወርጂው በራስሽ ደጃፍ ነው።

አጎትሽ ልደቱ